ኮሪደር ላይ ማን ይኖራል

የቤቱን ማሞቂያዎች ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር እንደገና ጀመረው። መጀመሪያ ከግርጌዋ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቀስ ያለ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ ክዳኑ የተጫነበት ድስት ሊገነፍል ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ ውስጡ የተቆለፈበት ሰው በክርኑ የሚደበድብ ይመስል ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ በመጨረሻም ቀጭ ብሎ ዝም። ሩሚያና ዓይኗን አልከፈተችም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ብትጠርዘውም ብርሃኑ በጎን እየሾለከ ይገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳንድዊች ፋብሪካ ቆማ ዳቦ ላይ እንቁላል ስትቀባ ያደረች ሴት የምትተኛው ሰው ሁሉ በሚነቃበት ሰዓት ነው፣ ይኸው ስምንት ዓመቷ፣ አካሏ ግን እስከ ዛሬም ቀንን ሌሊት ነው ቢሉት አያምንም፣ ከእሑድ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ እምቢ ብሏል። እሑድ ነው እናቷ “ደህና ነኝ፣ በይ ዝጊው” ያለቻት፣ ገና ሁለት ቃል ሳይነጋገሩ፤ እሷም “እንግዲያው ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም!” ብላ ጮኻ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ሰኞ ደወለች፣ ማክሰኞ ደወለች። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ትደውላለች። ጥሪው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይቋረጣል። የእናቷ ከተማ ፔርኒክ ዛሬ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነው፤ ስልኳ ላይ ከከተማዋ ስም አጠገብ ትንሽ የበረዶ ኮከብ ተስሏል። እናቷ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ናት። ወይ ሞታለች፣ ወይ ተቀይማለች። ሩሚያና ሁለቱን እያገላበጠች ጣራውን ታያለች፣ የሚያሳፍራትም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም ሳያንስ የሚያስፈራት መሆኑ ነው፤ የሞተ ሰው ቢያንስ ስልኩን እያየ አይተወውም።

*

በብርዱ ወራት የእናቷ ቃል ያጥራል። ይህን ሩሚያና ካወቀችው ቆይታለች። ሐምሌ ላይ እናቷን ዝድራቭካን ማን ያስቆማታል፣ የተጠበሰው ቃሪያ ስንት ጠርሙስ እንደሞላ፣ የጎረቤቱ ድመት በማን በረንዳ ላይ እንደወለደች፣ የሐኪሙ ጫማ እንዴት እንደሚያስቅ፣ አንድ ሰዓት ይሞላል፣ ጆሮ ይግላል፤ ኅዳር ሲገባ ግን አቤት፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ደህና፣ በይ ዝጊው። በየዓመቱ እንዲሁ። ሩሚያና ነገሩን ለራሷ ተርጉማዋለች። በረዶ ሲወርድ ብቸኝነቱ ይጠናባታል፣ ያኔ ጥላኝ የሄደች ልጅ አለችኝ ትላለች፣ ቂሟ ይነሳል፣ ስልኩ ያንገሸግሻታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይቅር ትላለች። ይህን ትርጉም ዘጠኝ ዓመት ይዛው ኖራለች። አንዳንዴ በቂሙ ትደሰታለች ማለት ይቻላል፤ የሚገባትን ቅጣት በየዓመቱ በጊዜው የሚልክላት ሰው አለ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ልካላት ነበር። እስከ ካርቶኑ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። “ለክብር ነው” ትላለች እናቷ። የምታነሳው ያንኑ የጥንቱን ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰካውን፣ ሽቦው አጭር የሆነውን።

*

የፔርኒኩ ፎቅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨለመ፣ አይ፣ ያ የድሮ ዓመት ነው፣ አባቷ ከማዕድን ቁፋሮው ሳይመለስ፣ እሷ ስምንት ዓመቷ ሆኖ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ የቤት ሥራ ስትሠራ። ሁሉም ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ዝግ ናቸው፣ በበሮቹ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ተጥሏል፣ ባለሙያ ሴት የምትባል ሰው የሌለበትን ክፍል አታሞቅም። ሙቀቱ የማንም አይደለም፤ ከከተማው ጫፍ ካለው ጣቢያ በወፍራም ቧንቧ ይመጣል፣ አንቺ የክፍልሽን ማሞቂያ ብትዘጊ ውሃው እሺ ብሎ ወደ ጎረቤት ያልፋል፣ ማንም አይጎዳም። እንዲያውም ብልጧ የራሷን ትዘጋና የሰው ግድግዳ ትሞቃለች። ከላይ ፔትኮቭ፣ ከታች ጋሽ ሜቶዲ፣ በግራ መምህርቷ። እናቷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትስቃለች፤ “መምህርቷ ዛሬ ለቃዋለች፣ ኑ ሙቁ፣ ነፃ ነው!”

ከዚያ ሰዉ መሄድ ጀመረ። መምህርቷ ወደ ጀርመን ልጇ ዘንድ፣ ፔትኮቮች ጣሊያን፣ ከዚያ ሩሚያና። የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው በረዶ፣ እሷ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ በአንድ እጇ ብረት በሌላው ስልክ ይዛ፣ እናቷ ጠየቀቻት።

“ሩሚ፣ ያንቺን ክፍል ማሞቂያ ልተወው? ክፍት ይሁን?”

“ባዶ ክፍል ለምን ታሞቂያለሽ፣ እማ? ዝጊው።”

 አውቶቡሱ ታጠፈ፣ ሩሚያና ብረቱን አጥብቃ ያዘች።

“እሺ” አለች እናቷ።

*

ቦይለሩ ደግሞ ጀመረ። ጉርምርም፣ ዷ፣ ቀጭ።

“ሮሚ! ሮሚ የኔ ፍቅር፣ ነቅተሻል?”

ከደረጃው ሥር አሮጊቷ ቤሪል ናቸው፣ ስሟን እንዲህ ነው የሚያጣምሙት። ቤሪል ሁሉን ሰው የኔ ፍቅር ነው የሚሉት፤ ፖስተኛውን፣ የአውቶቡሱን ሹፌር፣ የጎረቤቱን ውሻ። ቤቱ የእርሳቸው ነው፣ ሩሚያና የኋላ ክፍሉን ተከራይታ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

“ነቅቻለሁ።”

“እንግዲያው ውረጂ፣ አፍንጫዬ ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ሊወድቅ ነው።”

ቤሪል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ካፖርት ለብሰዋል፣ በላዩ የሟች ባላቸውን የስታንን የመኝታ ጋቢ ደርበዋል፣ ራሳቸው ላይ ጫፉ የክር ኳስ ያለበት የሱፍ ቆብ አለ። ሩሚያና ስታያቸው አንድ ነገር ሊታወሳት ሲል ጠፋባት፣ ቆቡ ነው መሰላት።

“ሳሎን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃስ?”

“እሱ ጉልበቴን ያበስላል፣ ጀርባዬን ይረሳዋል። ያ ከላይ ያለው አውሬ ምን ይላል?”

“ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። ሲጠፋ ቁጥር ይጽፋል።”

“ስታን ነፍሱን ይማረውና ያልገባውን ነገር ሁሉ በመፍቻ ነበር የሚመታው። ቴሌቪዥኑን ሳይቀር። ያልመታው እኔን ብቻ ነው፣ ፈርቶኝ። ከማጠቢያው ሥር ባልዲው ውስጥ አለልሽ፣ አምጪው።”

ሁለቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቤሪል በየደረጃው እየቆሙ። ሩሚያና የቁም ሳጥኑን በር ትከፍታለች፣ ትኩስ አየር ፊቷን ይመታታል። ዳግም ማስነሻውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ እሳቱ በትንሿ መስኮት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ የሙቀቱ ቁጥር ይሮጣል፣ ስድሳ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ እንዲህ የሚሮጥ ነገር ልጅ ሆና አይታ አታውቅም፣ ሙቀት በቧንቧ የሚመጣ እንጂ ከአልጋሽ ግርጌ የሚወለድ ነገር አልነበረም። ፓምፑን በስታን መፍቻ ጀርባ አንኳኳችው። ቀስ አድርጋ። ቤሪል “እንደ ሰው ምቺው እንጂ፣ በር እየቆረቆርሽ ነው ወይ?” አሉ። መታችው። ዷ፣ ቀጭ፣ ጠፋ። የሚወጣውን ቧንቧ ብትነካው ጣቷን አቃጠላት፣ ቀጥላ የሚመለሰውን ነካች፣ እሱም አቃጠላት። ቁልቁል ወርዳ የኮሪደሩን ማሞቂያ ነካች፣ በረዶ ነው። ከቁልፍና ከክር ጋር በመሳቢያ የሚቀመጠውን ትንሽ መክፈቻ አምጥታ አየር ዘግቶት እንደሆነ ብላ አስተነፈሰችው፣ ጥቂት ጥቁር ውሃ ጨርቁ ላይ አነባና ቆመ። እሳቱ እዚያ፣ ብርዱ እዚህ። መሃል ላይ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ጭንቅላት ጥያቄውን እስከ ግማሽ ይዞት ይሄድና ያስቀምጠዋል።

ምክንያቱም እሷ ለቦይለሩ አስባለታለች። ወደዚህ ቤት እንደገባች ሳትጠየቅ፣ እንደ ባለሙያ ሴት፣ መጀመሪያ የኒጀልን ክፍል ዘጋች፤ ኒጀል የቤሪል ልጅ ነው፣ አውስትራሊያ ከሄደ ሃያ ዓመቱ፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ቀጥሎ የፊት ለፊቱን። መታጠቢያ ቤቱን። ዘንድሮ ቦይለሩ ማጉረምረም ሲጀምር ደከመው አለች፣ ሥራ በዝቶበታል፣ የራሷን ክፍል ዘጋችለት፣ እንዲያርፍ። ጩኸቱ ባሰ። የሳሎኑን ጥቂት ብቻ ትታ ዘጋችለት። እሑድ፣ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውራ እጇ የሚይዘው ነገር ሲያጣ፣ ፒንሳ ይዛ ወረደች፣ የኮሪደሩን ነጭ ክዳን አውልቃ ብረቱን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው። ኮሪደር ላይ ማን ይኖራል? ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ይደበደብ ነበር።

*

“ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው።” ሙዚቃ። የጋዙን ጥገና የሚከታተለው ድርጅት መስመር ነው፤ የቤሪል የቤት ስልክ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አንድ ይጫኑ፣ ሦስት ይጫኑ፣ የቤትዎን የፖስታ ቁጥር ይናገሩ፣ ይቅርታ አልሰማንዎትም። ሩሚያና በራሷ ስልክ ወደ ፔርኒክ ትደውላለች፣ በአንድ ጆሮዋ ቫዮሊን፣ በአንድ ጆሮዋ ያ ረጅም ጥሪ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይቋረጣል። ለጋሽ ሜቶዲ ልትደውል አሰበች፣ ቁጥሩ የላትም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የታችኛውን ጎረቤት ቁጥር አልጠየቀችም፣ ሁልጊዜ የሚኖር ሰው ነው፣ እንደ ግድግዳ።

“ለማን ነው እንዲህ የምትደውይው?” አሉ ቤሪል።

“ለእናቴ። አታነሳም።”

“ከመቼ ወዲህ?”

“ከእሑድ።”

ቤሪል ጽዋቸውን አስቀመጡ። የሚያጽናና ነገር ፈልገው ያጡ መሰሉ፣ ከዚያ አገኙት። “እኔ ደግሞ የኒጀልን ሆን ብዬ አላነሳለትም አንዳንዴ። ትንሽ ይጨነቅ ብዬ።”

ሙዚቃው ተቋረጠ። ልጅ እግር ድምፅ ናት፣ ከጀርባዋ ብዙ ሌሎች ድምፆች። ቦይለሩ ስንት ዓመቱ ነው? ቁጥሩ ስንት ይላል? የጋዝ ሽታ አለ? የለም። “በቤቱ ውስጥ ተጋላጭ ሰው አለ?”

ሩሚያና ወደ ቤሪል ዞረች። “ተጋላጭ ሰው አለ ወይ ትላለች።”

“ተጋላጭ ማለት?”

“ያረጀ፣ የታመመ።”

“የለም በያት።”

“አለ ካልን ዛሬውኑ ይመጣሉ።”

“እንግዲያው አንቺ ነሽ በያት። መልክሽን ያየ ያምናል።”

“አለ” አለች ሩሚያና ወደ ስልኩ። “አንዲት አሮጊት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ነው የምትኖር።”

“አራት!” ብለው ጮኹ ቤሪል። “ሰማንያ አራት! ሦስቱን ዓመት በነፃ አልኖርኳቸውም! ብቻዬንስ ማን አለሽ?”

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጥገና ሠራተኛው ጃግዲፕ መጣ። ሰማያዊ ጥምጥም፣ ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ሱሪ፣ ጫማውን የሚሸፍን የፕላስቲክ ከረጢት፤ አነጋገሩ ከቤሪል ይበልጥ የዚያው ሰፈር። እናቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የምትኖር፣ ምሳ በልቶ መምጣቱ ነው።

“እማማ፣ እንዴት ነው፣ እስኪሞ ሆኑ እንዴ?”

“አትሳቅ፣ ሥራህን ሥራ የኔ ፍቅር። ሻይ በስንት ስኳር?”

“በሦስት፣ ለሚስቴ ካልነገሩብኝ።”

ቦይለሩን ከፈተ፣ አዳመጠው፣ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ቧንቧ በመለኪያ ቆነጠጠ፣ ቁጥሮቹን አይቶ ምላሱን ጠቅ አደረገ። ሩሚያና በሩ ላይ ቆማ እጇን ታሻሻለች። ከዚያ ምንም ሳይነካ ከክፍል ክፍል ሄደ፣ እያንዳንዱን ማሞቂያ በእጁ ጀርባ እየነካ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ። ነጩን ክዳን አነሳ። ብረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

“ይሄ ቦይለር ጤነኛ ነው” አለ። “በሽተኛው ቤቱ ነው። ውሃውን ያሞቃል፣ ልሂድ ይላል፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው፣ የሞቀው ተመልሶ ይመጣበታል፣ በሞቀው ላይ ያሞቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ፈርቶ ይጠፋል። የሌላውን ዝጉ ግድ የለኝም፣ የኮሪደሩን ግን! ይሄ እኮ የማይዘጋ ነው፣ ቤቱ የሚተነፍስበት። በፒንሳ ነው የተጠመዘዘው፣ የጥርሱ ምልክት ይታያል። ማነው?”

ሩሚያና አፏን ከፈተች።

“እኔ ነኝ” አሉ ቤሪል።

“እርስዎ? በፒንሳ?”

“የማዕድን ቆፋሪ ሚስት ነኝ፣ ምን መስሎሃል?”

ጃግዲፕ የቤሪልን እጆች አየ፣ እጀታውን መያዝ አቅቷቸው ጽዋውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈውታል። ቀጥሎ የሩሚያናን እጅ አየ። “እሺ እማማ” አለ። “ከእንግዲህ ፒንሳ ይዘው እንዳላይዎት።”

የኮሪደሩን ከፈተ፣ የሳሎኑን፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የሩሚያናን፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲሮጥ ተሰማ። የኒጀል ክፍል ግን እምቢ አለ። የማሞቂያውን መዝጊያ ቫልቭ ራስ ነቅሎ ከሥሩ የብዕር ጫፍ የምታህል የብረት ዘንግ አሳያት። “ይቺ ናት። ሦስት ዓመት ተጭና ስለቆየች ተጣብቃለች። ክፈቺ ስትያት ወዲያው አትሰማም።” በመዶሻው ጎን እንቁላል እንደሚሰበር ነካ ነካ አደረጋት፣ ዘይት ጠብ አደረገባት፣ በፒንሳ ጫፍ ይዞ ጥቂት ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ፣ መለስ፣ ከዚያ ዘንጓ ብቅ አለች። ሩሚያና አጎንብሳ አየች።  ሦስት ዓመት። ዘጠኝ ዓመት የተዘጋው፣ ፔርኒክ ያለውስ?

*

ጃግዲፕ ከሄደ በኋላ ቤሪል ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

“ለምን እኔ ነኝ አሉት?”

“ሠራተኛ ፊት ሰው አላዋርድም።”

“እንዲያርፍ ብዬ ነው። ቦይለሩ። በኛ አገር...”

“አውቃለሁ። ስትዘጊ አይቻለሁ እኮ፣ የኔ ፍቅር። የኒጀልንም።” ምድጃውን ያዩ ነበር፣ ጠፍቷል። “እሑድ እሑድ ከእሱ ጋር ካወራሁ በኋላ እዚያ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ትንሽ። አንድ ቀን ገባሁ፣ ቀዝቅዟል። ተውኩት።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ለእኔ ብለሽ ነው ያደረግሽው። ለእኔ ብሎ ሰው አንድ ነገር ካደረገልኝ ስንት ጊዜዬ፤ አፍርሺው ልበልሽ?”

 ጣራው ላይ ብረቶቹ በሙቀት ሲሳሳቡ ጠቅ፣ ጠቅ ይላሉ። ሩሚያና ስልኩን አንስታ ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

“አቤት።”

“እማ!”

“ሩሚ? ምን ሆንሽ እናቴ?”

“እኔ ምን ሆንኩ! አንቺ ነሽ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል!”

“ቆብ አድርጌ ነው የምተኛው፣ ጆሮዬን ይዞታል። የወጥ ቤቱም በር ዝግ ነው፣ አይሰማም።” ድምፅዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ አለ።

“ወጥ ቤት ነው የምትተኚው?”

“አልጋዋን ካስገባሁ ቆየሁ። ሜቶዲ ነው ያገዘኝ፣ ወደ ልጁ ሳይሄድ።”

“ጋሽ ሜቶዲ ሄደ?”

“ስፔን። በመስከረም። በሐምሌ እነግርሻለሁ ብዬ ነው።”

በሐምሌ። ሩሚያና ፎቁን በሐሳቧ አየችው፣ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ጨለማ፣ በግራ ጨለማ፣ የሚሞቅ የሰው ግድግዳ የለም፣ መሃሉ ላይ አንድ ወጥ ቤት።

“እማ፣ አሁን የት ቆመሽ ነው?”

“የት እቆማለሁ? ስልኩ ያለበት።”

“ኮሪደሩ ላይ?”

“ሩሚ፣ ምን ነካሽ? ስልኩ ከመቼ ወዲህ ነው እግር ያወጣው?”

እናቷ ስትስቅ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ያ ነው። ሩሚያና ስልኩን አጥብቃ ያዘችው። ያን ድምፅ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ሰምታዋለች፣ መስመሩ ነው ብላ፣ ንዴት ነው ብላ፣ ቂም ነው ብላ። አቤት፣ ደህና ነኝ፣ በይ ዝጊው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደወለች ቁጥር ሴትየዋን ከብቸኛው ሞቃት ክፍል ወደ በረዶ እየጠራቻት ነበር። “ለምን ቶሎ ትዘጊብኛለሽ?” እያለች ደግሞ አቆይታታለች።

“እሑድ የተናገርኩትን...”

“እሑድ ምን ተናገርሽ? እኔማ ዝጊው ብዬሽ ሮጬ ገባሁ፣ እግሬ ደንዝዞ።”

አልሰማችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሩሚያናን የበላት ቃል ባዶ ኮሪደር ላይ ነው የተነገረው።

“የኔን ክፍል ማሞቂያ ክፈቺው፣ እማ። አሁን። የኮሪደሩንም።”

“ያንቺ አይከፈትም።”

“ሞክረሽው ነው?”

“ለገና ሞከርኩት። ትመጣ ይሆናል ብዬ፣ እንዲሞቅሽ። ደርቋል። በፒንሳም ሞከርኩ፣ እጄ አልሆን አለ። ግድ የለም፣ አልመጣሽም።”

“የኮሪደሩን እንኳ ክፈቺ!”

“ኮሪደር ላይ ማን ይኖራል?” አለች እናቷ፣ እንደ ቀልድ፣ ራሷ ያስተማረቻትን መልሳ። ከዚያ “በይ እናቴ፣ ደህና ነኝ።”

“እመጣለሁ፣ እሺ? በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ጠይቄ...”

“እሺ” አለች እናቷ።

ያው እሺ ነው። ከአውቶቡሱ መታጠፊያ የመጣ።

*

አሁን ቤቱ ሞቋል። ቦይለሩ ከላይ እንደ ጠገበ ድመት ዝግ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል፣ ማንም አይደበድብም፣ የኒጀል ክፍልም ማንም ባይኖርበትም ይሞቃል፤ ቤሪል ገብተው በሩን ገርበብ አድርገዋል። ለሥራ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል፣ መተኛት ነበረባት። ሩሚያና የኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ማሞቂያው ላይ ለጥፋለች፤ ሹራቧን አልፎ ያቃጥላታል፣ አልተነሳችም።

ስለ ዘንጓ ለእናቷ አልነገረቻትም። ይኼ መጣባትና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በፒንሳ መጠምዘዝ አይደለም፣ ራሱን መንቀል፣ በመዶሻ ጎን ቀስ፣ ዘይት፣ ሳብ፣ መለስ። ሰማንያ አንድ ዓመት የሆነው እጅም ይችለዋል፣ ዘይት ወጥ ቤት አለ። ቁጥሩን ነካችው። ጥሪው ሄደ፣ አንድ። ሄደ፣ ሁለት። እናቷ ቆቡን ከጆሮዋ ገፋ ታደርጋለች፣ ብርድ ልብሱን ትገልጣለች፣ እግሯ ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማ ይፈልጋል፣ በበሩ ሥር የተጠቀለለውን ልብስ በእግሯ ትገፋለች፣ ያ አየር ፊቷን ይመታታል። ሦስት። ሩሚያና ዘጋችው።

ዝም። ጥሩ አደረግኩ፤ ግቢ እማ፣ ተኚ።

ከዚያ ልክ አሁን እናቷ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ፣ እጇን ዘርግታ፣ ጥሪው ሲያቆምባት እዚያው ቆማ ቀርታ ልትሆን እንደምትችል ታወቃት። ልጄ ናት፣ ደግማ ትደውላለች ብላ። ብትደውል፣ ቆማ ከሆነ ታነሳዋለች፤ ገብታ ከሆነ እንደገና ትወጣለች። ባትደውል፣ ቆማ ከሆነ ትጠብቃለች። ሩሚያና ጀርባዋ እየተቃጠለ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፣ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ጣቷን አሳርፋ አበራችው፣ ደግሞ ደበዘዘ፤ እዚያ ማዶ አንዲት አሮጊት ቆብ አድርጋ፣ የጨለመ ግድግዳ ላይ የተሰካ ስልክ ፊት፣ አሁንም ቆማለች ወይም የለችም።